እጅዎ ይባረክ ጋሼ (የስዕል ደብተር ማሠራት ለምትፈልጉ ጥቆማ)

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ መጽሐፍ የሚጠርዙ አንድ አባት አሉ። የስዕል ደብተር ሊያሠራ የሄደውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት መጠኑን ወይም የሽፋኑን ቀለም አይደለም። «በምንድን ነው የምትስለው?» ይላሉ። ይህን ምስጋና ያስጻፈችን ይህቺ ጥያቄ ናት። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።

ጥያቄዋ ለወሬ ያህል አይደለችም። በእርሳስ የሚስል ሰው ትንሽ ሻካራ ወረቀት ይፈልጋል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለስላሳ ስለሆነ ጥላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደራረበበት በኋላ እርሳሱን መያዝ ያቆማል፤ 6ቢ የሚባለውን ጥቁር እርሳስ ብትጨምሩበትም ያብለጨልጫል እንጂ አይጠቁርም። ለእርሳስ ጋሼ ከ120 እስከ 160 ግራም (የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው) ያለውን ሻካራ ወረቀት ይመርጣሉ። የቢክ እስክሪብቶ ደግሞ በተቃራኒው ለስላሳው ላይ ነው የሚያምርበት፤ 100 ግራም ይበቃዋል። እጅ ቀለል ሲል ስስ፣ ጠንከር ሲል ድፍን መስመር ይሰጣል፣ ርካሽም ነው። ጣጣው ጫፉ ላይ የሚጠራቀመው ቀለም ነው፤ በየጥቂት መስመሩ በቁራጭ ወረቀት ካልጠረጋችሁት ልክ የሰው ፊት ስትስሉ አፍንጫው ላይ ጥቁር ነጥብ ይጥላል። ብርሃን ላይ ሲሰቀልም ይደበዝዛል፤ የሚሸጥ ሥራ በእሱ አትሥሩ።

ፒግማ ማይክሮን የሚባለውን ባለ ቀጭን ጫፍ ብዕር የምትጠቀሙ፣ ብዕሩ ላይ ያለው ቁጥር ሚሊሜትር አይደለም። 005 ማለት 0.20፣ 01 ማለት 0.25፣ 05 ማለት 0.45 ሚሊሜትር ነው። ለመንገድ ላይ ንድፍ 01 እና 05 በቂ ናቸው። 005ን ሻካራ ወረቀት ላይ ከተጫናችሁት ጫፉ ወዲያው ይደፈጠጣል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ውሃ አያስለቅቀውም፣ ስለዚህ ውሃ ቀለም ከላዩ መቀባት ይቻላል። ከሥር ያለውን እርሳስ በላጲስ ስታጠፉ ግን መስመሩ ትንሽ ይገረጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ንድፍ በኤችቢ እርሳስ፣ ያውም ወረቀቱን ዳበስ ያህል ብቻ ይሁን።

ለውሃ ቀለም ጋሼ ከ200 ግራም በታች ለመጠረዝ አይስማሙም፤ ስሱ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ከደረቀ በኋላም አይመለስም። የአልኮል ማርከር ቀለሙ ወደ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ እሱን ለያዘ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፦ በአንዱ ገጽ ብቻ ሳል፣ ጀርባውን እርሳው።

አሁን ወደ ሙያቸው። ወረቀት ውስጥ ያለው ቃጫ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚተኛው፤ ያ አቅጣጫ ከደብተሩ ጀርባ፣ ማለትም ከሚሰፋበት ጎን ጋር እኩል መሄድ አለበት። ከተሻገረ ሙጫው ወይም የክረምቱ እርጥበት ሲነካው ጀርባው ይሞገዳል፣ ገጹም ተከፍቶ መተኛት እምቢ ይላል። ለማወቅ ወረቀቱን ሳታጥፉ በሁለቱም በኩል ጎበጥ ማድረግ ነው፤ ያለትግል የሚጎብጥበት በኩል ቃጫው ከጉብጠቱ መስመር ጋር እኩል የተኛበት ነው። ብዙው ተቆርጦ የሚሸጥ ኤ4 ወረቀት ቃጫው በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ ለሁለት ታጥፎ ኤ5 ደብተር ሲሆን አቅጣጫው ይሳሳታል። በየሱቁ የሚሸጡ አንዳንድ ደብተሮች እንደ ቅጠል የሚጠቀለሉት አንድም በዚህ ነው። ጋሼ 70 በ100 ሴንቲሜትር የሆነውን ትልቁን ወረቀት ገዝተው አቅጣጫውን ፈትሸው ይቆርጡታል። ቃጫው በ100ው ጎን ከሄደ ከአንዱ ኤ4 የሚያህል 8 ቁራጭ ይወጣል። 4 ቁራጭ ታጥፎ አንድ እጥፍ፣ ማለትም 16 ገጽ ይሆናል፤ 8 እጥፍ 128 ገጽ። ስለዚህ ለአንድ ኤ5 ደብተር 4 ትልቅ ወረቀት ነው የሚገባው። በ200 ግራም ግን በአንዱ እጥፍ ውስጥ ከ2 ቁራጭ በላይ አያስገቡም፤ ከዚያ ካለፈ የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ ይገፋል፣ እጥፋቱም ይሰነጠቃል።

ስፌታቸው የድሮ የብራና መጻሕፍት ስፌት ነው፦ ክሩ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ፣ ቀዳዳው ጥንድ ጥንድ፣ እያንዳንዱ እጥፍ ከፊተኛው ጋር እንደ ሰንሰለት ይያያዛል። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ጠፍጣፋ ተከፍቶ የሚተኛው፤ አንድ ስዕል በሁለት ገጽ ለሚያሻግር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሩን ሰም ያሹታል። ናይሎን ክር ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሷችኋል፤ ወረቀቱን እንደ መጋዝ ይበላዋል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ሽፋኑ 2 ሚሊሜትር ካርቶን ላይ የተለጠፈ አቡጀዲ ነው። ካርቶን በአንድ በኩል ብቻ ከተለጠፈ ወደዚያው ስለሚጎብጥ በውስጥም ወረቀት ይለጥፉበታል፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ከክብደት ሥር ያቆዩታል። በክረምት ይረዝማል፤ አትጨቅጭቋቸው።

ደብተሩ ከተገኘ በኋላ ያለው የእናንተ ፋንታ ነው። እዚያው ጊዮርጊስ ላይ መጀመር ትችላላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ብዙ ሰው የጎኖቹን ግድግዳ አስፍቶ ይስለዋል። አንዱን ግድግዳ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ስትቆሙ ሦስት ግድግዳ ነው የሚታየው፤ የመሃሉ ስፋት 10 ቢሆን የግራና የቀኙ 7፣ 7 ነው። የምኒልክን ሐውልት ስትስሉ ከፈረሱ ጀርባ ዘንበል ካለው መስመር ጀምሩ፤ እግሩ ላይ ቶሎ የሚቸኩል ሰው ፈረሱን በአራት እግሩ ያቆመዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች ጥላው አጥሮ ሕንፃው ሁሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ የጥላውን ጠርዝ ገና ስትቀመጡ ምልክት አድርጋችሁ ያዙ፣ ኋላ ብትቀያየርም አትከተሏት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይታመንም፦ መጀመሪያ የአከርካሪው መስመር፣ የትከሻው፣ የዳሌው፣ ክብደቱ ያረፈበት እግር፤ ቦርሳው ጊዜ ከተረፈ።

እንከን ካልነገርናችሁ ማስታወቂያ ይመስላል። ጋሼ ይዘገያሉ፤ አንድ ደብተር ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሽፋኑ ላይ ጽሑፍ አያትሙም። የላስቲክ ማሰሪያ ካልጠየቃችሁ አይሠሩም፤ ነፋስ ላይ ለሚስል ግን የግድ ነው። ዋጋውን እዚህ ያልጻፍነው ከወረቀት ዋጋ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። ስትሄዱ የምትስሉበትን መሳሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁራጭ ወረቀት ሰጥተው ያስሞክሯችኋል። የተገነጠለ የቆየ ደብተርም ፈትተው መልሰው ይሰፋሉ፣ እጥፋቱ እስካልተበላ ድረስ።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ካነበቡልዎት፣ እናመሰግናለን። ያ ክሬም መልክ ያለው 160 ግራም ወረቀት ሲገባ ደግሞ ይንገሩን።