ጫማዬን ያወለቅሁበት ማገገሚያ ቤት

በቀኝ እግሬ ቁስል ምክንያት ሆስፒታል 11 ቀን ተኝቼ ስወጣ ወረቀቴ ላይ ሦስት ትእዛዝ ተጽፎ ነበር፦ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቁስሉን በየሁለት ቀኑ ማሳጠብ፣ ኢንሱሊኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ። ከመታመሜ በፊት ሁለት ዓመት ያደርሁት ግን ጎዳና ላይ ነው። ወዴት እንደምሄድ የተጠየቅሁት በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ልብሴን ከለበስሁ በኋላ ነበር። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ እስከ ማታ ስልክ ስትደውል ውላ ባትደርስልኝ ኖሮ ወደ ነበርሁበት እመለስ ነበር።

የላከችኝ ወደ ማገገሚያ ቤት ነው። ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም የሌላቸው፣ ነገር ግን ደጅ አድረው ሊድኑ የማይችሉ ቤት አልባዎች የሚያርፉበት ነው። የማታ መጠለያዎችን አውቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ጠዋት ያስወጣሉ፣ ማታ ተሰልፎ መግባት ነው። እግሩን እንዲያሳርፍ የታዘዘ ሰው ቀኑን ቆሞ ይውላል። እዚህ ግን ቀን ሳልተኛ ሲያገኙኝ ይቆጡኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ፋሻውን እየፈታች፣ «አባቴ፣ ጫማዎን የሚያወልቁት መቼ ነው?» አለችኝ። ይሰረቅብኛል ብዬ ሌሊትም አላወልቀውም ነበር። ስኳር እግሬን ስላደነዘዘው ጫማው ሲልጠኝ አልተሰማኝም። ይህንን ከእርሷ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ኢንሱሊኔ ስሜ ተጽፎበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀመጠ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ዓይነት ከተከፈተ በኋላም የሚቆየው 28 ቀን ገደማ ነው። እኔ ግን በደረት ኪሴ ይዤው ፀሐይ ላይ እዞር ነበር። ስኳሬ አልወርድ ሲል «መድኃኒትህን አትወስድም» እባል ነበር። እወስድ ነበር። የተበላሸው መድኃኒቱ ነው። አብሮኝ የተኛው የልብ ሕመምተኛም ውኃ የሚያስወጣውን ክኒን ጎዳና ላይ ሳለ ይተወው ነበር፤ ከዋጠው በየሰዓቱ ሽንት ይመጣበታል፣ ሽንት ቤት የሚያስገባው ግን የለም። እዚህ ሽንት ቤቱ ከአልጋው አምስት እርምጃ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የእግሩ እብጠት ጎደለ።

ለሕክምናው እንከን አላወጣለትም። የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ግን ደካማ ነው፤ ይህንን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሚፈቀደው ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። የቤት ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይመጣል፤ የምንጠብቀው ሃያ ሰዎች ነን። የቤት ማመልከቻው መታወቂያ ይጠይቃል፤ የእኔ ከቦርሳዬ ጋር ተሰርቋል። ምትኩን ለማውጣት ደግሞ አድራሻ አምጣ ተባልሁ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ቁስሌ ሊዘጋ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ፤ መዳኔ ራሱ ወደ ጎዳና የሚመልሰኝ መስሎኝ ፈራሁ። ነርሷ ተከራክራ ሁለት ሳምንት አስጨመረችልኝ፤ ቤቱም የራሱን አድራሻ እንድጠቀም ደብዳቤ ጻፈልኝ። ያ ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀን ሊሰጠኝ ይችል ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በኋላ ስለ አንድ የቺካጎ ጥናት ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሲሆን፣ ከሆስፒታል የወጡ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን 407 ቤት አልባ አዋቂዎች ለ18 ወራት ተከታትሏል። ማገገሚያ ቤት፣ ቀጥሎም ቋሚ መኖሪያና ጉዳያቸውን የሚከታተል ሠራተኛ የተመቻቸላቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ሆስፒታል መተኛታቸው በ29 በመቶ፣ ድንገተኛ ክፍል መሄዳቸው በ24 በመቶ ቀንሷል። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ነበሩ። እኔ ያረፍሁበት ቤት የመጀመሪያውን አሟልቶ ሰጥቶኛል፤ ሁለተኛውን ያገኘሁት በልመና ነው።

አሁን በር የሚቆለፍበት አንድ ክፍል አለኝ፤ ጫማዬ ሌሊት አልጋው ሥር ያድራል። ሆስፒታል ለምትገቡ፦ ቤት እንደሌላችሁ በገባችሁበት ቀን ተናገሩ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛም አስጠሩ። ማገገሚያ ቤት እንደደረሳችሁ ደግሞ የአድራሻውን ደብዳቤ ጠይቁ።