የሚወለቅ ፕሌት ወይስ የሚለጠፍ ብሬስ? ለልጅ የቱ ያዋጣል

ሰሞኑን ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ያንኑ ጥያቄ አመጡልኝ። የልጃቸው ጥርስ ተደራርቦ ወጥቷል፤ ፕሌት (በአፍ ልክ የሚሠራ፣ ሽቦ ያለው የሚወለቅ ፕላስቲክ) ይሻላል ወይስ ብሬስ (ጥርስ ላይ የሚለጠፉ ብረቶች)? እኔ ለልጄ ሁለቱንም ከፍያለሁ። የምመክረው ብሬስን ነው፤ ግን ጊዜውን ጠብቆ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ፕሌት በ12,000 ብር ተባልን። ካዛንቺስ ለብሬስ የተጠራልን 70,000 ነበር። ልዩነቱን ሳይ ፕሌቱን አሠራሁ።

ፕሌት የሚሠራው አፍ ውስጥ እስከዋለ ድረስ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ምሳ ስትበላ አውልቃ በሶፍት ትጠቀልለዋለች። በሦስተኛው ወር ሶፍቱ ከነፕሌቱ ተጣለ።

ያኔ ክሊኒኩ "የድሮው ልክ አለን፣ በ6,000 እንሥራላችሁ" አለኝ። ርካሽ ስለሆነ እሺ አልኩ። በመሃሉ ግን የወተት ጥርስ ወልቆ አዲስ ጥርስ ብቅ ብሏል። ፕሌቱ አልገባ አለ። ሞርደው ሊያስገቡት ሞከሩ፤ ድዷን አቆሰላት። የሚያድግ ልጅ አፍ በወራት ይለወጣል። ፕሌት ከጠፋ አዲስ ልክ ይወሰድ። በድሮው ልክ የተሠራውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። የእኔ 18,000 ብር እንዲሁ ቀለጠ።

ብሬሱን 12 ዓመት ሲሞላት አስለጠፍን። የላይኞቹ ክራንቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት በ11 እና በ12 ዓመት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሁሉንም በአንድ ዙር ያስተካክላል። አውልቃ የምትጥለውም ነገር የለም።

ዋጋ ሲነገራችሁ "ምን ምን ያካትታል?" በሉ። ራጁ፣ የየወሩ ማጥበቂያ፣ ከጥርሱ የተነቀለች ብረት ማስለጠፊያ፣ መጨረሻ ላይ የተስተካከለውን ጥርስ በቦታው ለመያዝ የሚደረገው ሪቴይነር። ለእኛ ሁሉም ለየብቻ ነበር። ቆሎ ሁለት ብረት ነቅሎብናል፤ እያንዳንዷ 800 ብር። ሪቴይነሩን ግን ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትተዉት። ያለ እሱ ጥርሱ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ብር ከንቱ ይቀራል።

ፕሌት የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ። የላይ የፊት ጥርስ ከታችኛው ኋላ ገብቶ የሚነክስ ከሆነ፣ በ8 ወይም በ9 ዓመት ስፕሪንግ ያለው ፕሌት በጥቂት ወራት ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። ይህን እስከ 12 ዓመት አታቆዩት። ልጁን በ7 ዓመት ገደማ ለኦርቶዶንቲስት አሳዩት፤ ጥርስ ለሚነቅልና ለሚሞላ ሐኪም ሳይሆን፣ ጥርስ ማስተካከልን ለይቶ ለተማረ።