ልጆቻችንን በየቦታቸው ለሚመዝነው የሆጤው አሰልጣኝ

ደሴ ሆጤ ላይ ታዳጊዎችን ለሚያሠለጥነው ወንድማችን አላህም እግዜርም ይስጥልን! በረኛን ከአጥቂ፣ ተከላካይን ከአማካይ ሳያምታታ የሚመዝን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሌላ ቦታ ስንት ልጅ ተስፋ ቆርጦ ቀርቷል! ኮን ይደረደራል፣ ሰዓት ይያዛል፣ ሁሉም በአንድ ፈተና ያልፋል፤ ነጥቡ ይደመርና የታችኞቹ ይቀነሳሉ። በኮን መሀል ኳስ መግፋት የክንፍ ተጫዋች ሙያ ነው። በቴስታ የሚያጸዳ ተከላካይ እዚያ መጨረሻ ቢወጣ ምን ይገርማል? በረኛውማ ቁመቱ ይታያል፣ በቃ።

የእኛው አሰልጣኝ ለተከላካይ ኳስ ከኋላው ይጥልና ዞሮ 10 ሜትር ያስሮጠዋል፤ አምስቴ በቀኝ፣ አምስቴ በግራ። ተረከዙ ላይ የቆመ ልጅ የመጀመሪያዋን እርምጃ ይነጠቃል። ያ የፍጥነት ሳይሆን የአቋቋም ጉድለት ነው፣ ይታረማል።

አማካይ ላይ ያለው ዘዴ ደግሞ ልዩ ነው። ኳሷ እየመጣች ሳለ ከልጁ ጀርባ የቆመ ጓደኛው ጣቶቹን ያነሳል፤ ልጁ ኳሷን ሳይነካ ዞር ብሎ አይቶ ስንት እንደሆኑ መናገር አለበት። ከ10 ኳስ ስንቱን እንዳወቀ ይጻፋል። ዓይኑ ኳስ ላይ የተተከለ ልጅ፣ አነካኩ ቢያምርም፣ አብዛኛውን ይስታል።

በረኛውን መጀመሪያ በእግሩ ይፈትነዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ አይፈቀድለትምና። ቀጥሎ የተፋው ኳስ ወደ መሀል ነው ወይስ ወደ ጎን የሄደው፣ ያን ይቆጥራል። አጥቂን በደካማ እግሩ በሁለት ንክኪ ያስመታዋል።

የመስመር ተጫዋች 30 ሜትር ስድስት ጊዜ ይሮጣል፣ በየመሀሉ 20 ሴኮንድ እረፍት አለው። የሚታየው የመጀመሪያውና የስድስተኛው ልዩነት ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን አይመዘንም፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ትንፋሹ ያጥረዋል። ለዚህ የሚጠነቀቅ ስንቱ ነው?

ከሌላ ቦታ ተቀንሶ የመጣ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። አሰልጣኙ በርከክ ብሎ የታኬታውን ክር እያሰረለት፣ «አብሽር፣ ዞረህ ስትነሳ የሚቀድምህ የለም። ነገ መሀል ተከላካይ ነህ» አለው። ልጁ ቀና አለ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ውሰዱለት! ታኬታ ባይኖራቸውም በሸራ ጫማ ይቀበላቸዋል። የሚጫወቱበትን ቦታ ቀድማችሁ አትንገሩት፣ እሱ ራሱ አይቶ ይነግራችኋል።