«ሪሞቱ ሞቷል» ሲሏችሁ ወዲያው አትክፈሉ

የመኪናችሁ ሪሞት አልሠራ ብሎ ወደ ባለሙያ ወስዳችሁት ሳይከፍተው «ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ከነፕሮግራሙ ልሥራላችሁ» ካላችሁ፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ቁልፍ ሠሪ ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ጎበዝና ታማኝ የሆኑ ሞልተዋል። ግን ይህ «አዲስ ከነፕሮግራሙ» የሚባለው ነገር፣ ማለትም አዲስ ሪሞት ገዝቶ ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ፣ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ በውድ የሚገዛበት መንገድ ሆኗል። በጣም ያናድደኛል።

እህቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመክፈቻው በተን እምቢ አለ፤ የመቆለፊያው ግን ይሠራ ነበር። ሰውየው ሪሞቱን ይዞ ወደ ጓዳ ገባና ትንሽ ቆይቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» አላት። አዲስ አስገዛት። ደግነቱ አሮጌውን አስመልሳ ይዛው መጣች። ከፍተን ስናየው ቦርዱ፣ ማለትም የውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ንጹሕ ነው፤ የጠቆረ ቦታ እንኳ የለውም። በመክፈቻው በተን ሥር ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። አንዱ እግሯ ከቦርዱ ለቋል። በጥፍር ስትነካ ትነቃነቃለች። በቃ፣ ችግሩ ይሄ ነበር። አንዲት ጠብታ ሶልደር ጨርሳዋለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንዱ በተን እየሠራ ሌላው ካልሠራ ብዙ ጊዜ ባትሪውም ቦርዱም ደኅና ናቸው ማለት ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በዚያው በተን ላይ ነው፤ ወይ ላስቲኩ አልቋል፣ ወይ ከሥሩ ያለችው ማብሪያ ተሰብራለች ወይ ለቃለች። ማብሪያዋ በጣም ርካሽ ዕቃ ናት። የስልክ ጠጋኝ እንኳ በደቂቃዎች ይቀይራታል።

ሁሉም በተኖች እምቢ ካሉ ደግሞ መጀመሪያ ትርፍ ቁልፋችሁን ሞክሩ። እሱም ካልከፈተ ጥፋቱ ከመኪናው ወገን ሊሆን ስለሚችል አዲስ ሪሞት መግዛት ዋጋ የለውም። ትርፉ ከሠራ ወደ ባትሪው ሂዱ። በተለይ ከዚህ በፊት ከሩቅ ይከፍት የነበረው እያደር መኪናው ሥር ካልደረሳችሁ አልሰማ ካለ፣ ባትሪው እየደከመ ነው።

ባትሪው ላይ ግን ሌላ መሸወጃ አለ። አብዛኛው ሪሞት ክብና ጠፍጣፋ የ3 ቮልት ባትሪ ነው የሚወስደው። ጀርባው ላይ ሲአር2032፣ ሲአር2025፣ ሲአር1620 የሚል ዓይነት ቁጥር አለ። የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ስፋቱን በሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ ውፍረቱን ይነግሯችኋል። 2032 ማለት 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ነው። «ያው ነው» ተብሎ በሱ ፋንታ 2025 ሲገባ ባትሪው ይላላል። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል። ከዚያ «አያችሁ፣ ባትሪ አይደለም ችግሩ» ይባልና ወደ አዲሱ ሪሞት ትገፋላችሁ። ስለዚህ አሮጌውን ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ቤት ውስጥ ስትከፍቱት ባትሪው የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበር በስልክ ፎቶ አንሡ። ባትሪውን የሚነኩት የብረት ምላሶች ዝገት ካላቸው በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጓቸው፤ ከተጫኑም በቀስታ ቀና አድርጓቸው። (ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ አሮጌውን ባትሪ የትም አትጣሉ። ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። ይሄ ቀልድ አይደለም።)

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ሪሞት ቁልፎች ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በር የሚከፍተው ሪሞት ነው፤ ባትሪ ይፈልጋል። ሌላው ሞተሩ እንዲነሣ የሚፈቅደው ቺፕ ነው። ቺፑ ባትሪ አይፈልግም። ኃይል የሚያገኘው ቁልፉ በሚገባበት ቦታ ዙሪያ ካለው የመኪናው አንቴና ነው። ስለዚህ በሩ በሪሞት ባይከፈትም መኪናው ከተነሣ ቺፑ ደኅና ነው። «ቺፑም ሄዷል» የሚላችሁ ሰው ውሸቱን ነው። በበተን የሚነሣ መኪና ከሆነም ሪሞቱን ራሱን ወደ ማስነሻው አስጠግታችሁ ሞክሩ። ብዙዎቹ ባትሪው ቢያልቅም እንዲህ ይነሣሉ። በሩን የምትከፍቱበት የብረት ቁልፍም ብዙ ጊዜ እዚያው ሪሞቱ ውስጥ ተሸጉጦ አለ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። ፎቶው ላይ ሙሉ ቁልፍ የሚመስል፣ ዋጋው ግን የሚገርም ሪሞት ይሸጣል። ስትከፍቱት ባዶ ነው። ቀፎ ብቻ! ቦርድም ቺፕም የለውም። ቀፎ መግዛት በራሱ ክፋት የለውም፤ የናንተው ተሰባብሮ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ መላ ነው። ቦርዱን፣ የብረት ቁልፉንና ቺፑን ከአሮጌው አውጥታችሁ ታዛውራላችሁ። አደጋው ቺፑን መርሳት ነው። በብዙ ቁልፎች ላይ ቺፑ ከቦርዱ ተለይቶ፣ ጥግ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ ጥቁር ቁራጭ ወይም ትንሽ የመስታወት ቱቦ ነው። ሰው ፕላስቲክ መስሎት ከአሮጌው ቀፎ ጋር ይጥለዋል። በማግስቱ በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ስለዚህ መኪናው በአዲሱ ቀፎ እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን አትጣሉ። ቺፑን ስታወጡም በካቻቪቴ አትጎርጉሩት፣ መስታወቱ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ውኃ ገብቶበት ቦርዱ በዝገት የተበላ ከሆነ፣ ወይም ቁልፉ ከነጭራሹ ከጠፋ፣ ያኔ አዲስ መግዛት የግድ ነው። ግን ያገለገለ ሪሞት ሲያቀርቡላችሁ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው መኪና ጋር ተቆልፈው ስለሚቀሩ ሌላ መኪና አይቀበላቸውም። የሚያስተላልፍበት የሬዲዮ ሞገድም ከመኪናው ጋር መግጠም አለበት። አንዳንዱ በ315፣ አንዳንዱ በ433 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ የማይገጥም ከሆነ ምንም ፕሮግራም አያድነውም። መኪናው አጠገብ ሆናችሁ በሩም ሞተሩም ሲሠራ ሳታዩ አትክፈሉ።

ፕሮግራም ሲደረግም አጠገቡ ቁሙ። ሲጨርስ መኪናው ላይ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ ከማሽኑ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እጃችሁ ላይ ካሉት ቁልፎች ከበለጠ፣ ትርፉን እዚያው ያጥፋላችሁ።