በመልሶ ግዢ ውል የሚሸጠውን የባሕር አበባ አትግዙ

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ «የባሕር አበባ እርባታ» በሚል ስም ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው። ውሉን ሲሰሙት ያጓጓል። ገንዳውን፣ ጨዉን፣ መብራቱንና ሁለት «እናት» የባሕር አበባዎችን ባንድ ላይ ይሸጡላችኋል፤ እናቶቹ ሲባዙ ደግሞ ልጆቹን መልሰው እንደሚገዙ በወረቀት ይፈርማሉ። እኔ 96,000 ብር ከፍዬ ገባሁበት። አሁን ሳሎኔ ውስጥ የቀረኝ 120 ሊትር የጨው ውሃና አንዲት ዓሣ ነው። ልትከፍሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር አታስተላልፉ።

የባሕር አበባ ይበሉት እንጂ አበባ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ስሙ አኔሞኒ ነው፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ። እግሩን ድንጋይ ላይ አጣብቆ በሚናደፉ ጣቶቹ ምግቡን ይይዛል። ክላውንፊሽ የምትባለው ብርቱካናማ ዓሣ ደግሞ ሌላው ዓሣ በሚፈራቸው በእነዚያ ጣቶች መካከል ተሸሽጋ ትኖራለች። እኔን ወደዚያ ሱቅ የወሰደኝ ትርፉ ብቻ አልነበረም። አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ ዳህላክ ደሴቶች ዳር ውሃው ውስጥ ስላየው ነገር ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን ጉልበቱ ደክሟል፤ ከቤትም ብዙ አይወጣም። ባሕሩን እቤቱ ላመጣለት ፈለግሁ።

ሱቁ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ገንዳዎቹ ብቻ በደማቅ ሰማያዊ መብራት ያበራሉ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። ወንበር ስቦልኝ፣ ሻይ አስመጥቶ ነው ያነጋገረኝ።

«እህቴ፣ ይቺ ሴቷ ናት፤ ያኛው ወንዱ ነው። በወር በወር ይወልዳሉ» አለኝ። «ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። እያንዳንዱን ልጅ በ6,000 ብር እኛው እንረከብሻለን። ከቀይ ባሕር በጅቡቲ በኩል የመጡ ናቸው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት የነበረው መባዛታቸው ብቻ ነው። የሸጠልኝ ዓይነት የጣቶቹ ጫፍ እንደ አረፋ የሚያብጠው አኔሞኒ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ኤንታክሜያ ኳድሪኮለር ይባላል። ይህ ዓይነት በቤት ገንዳ ውስጥ ይባዛል፤ ግን አይወልድም፤ ይሰነጠቃል። እግሩ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሳሳባል፤ አካሉ መሃል ለመሃል እየቀጠነ ሄዶ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ቁስሉን ዘግቶ ራሱን የቻለ እንስሳ ይሆናል። ለዚህ ጥንድ አያስፈልግም፤ አንዱ ብቻውን ይበቃል። ባሕር ውስጥ እንቁላልና የወንድ ዘር ወደ ውሃው እየለቀቁም ይራባሉ፤ ነገር ግን የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነ በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም። በዚያ መንገድ የተገኘውን እጭ ሳሎን ውስጥ ማሳደግም እጅግ ብርቅ ነው። «ወንድና ሴት» ብሎ ዋጋ የሚጠራላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ ተነሥታችሁ ውጡ።

መሰንጠቁም የወር ቀጠሮ የለውም። አንዱ ተመችቶትና ጠግቦ ይሰነጠቃል፤ ሌላው ለዓመታት ዝም ይላል። ሲጨነቅም ይሰነጠቃል፤ ውሃው ሲበላሽበት ወይም ሲጎዳ። ምንጣፍ የሚመስሉት ትልልቆቹ ዓይነቶች ደግሞ በቤት ገንዳ ውስጥ መሰንጠቃቸው እምብዛም ነው። ስለዚህ «ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት» የሚለው ስሌት ከእንስሳው ጋር ያልተመካከረ ስሌት ነው።

ገንዳው ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን አባቴ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ልጄ፣ እስኪ ይህን ሰማያዊ መብራት አጥፊና መጋረጃውን ክፈቺው» አለኝ። ከፈትኩት። ሱቅ ውስጥ ያበራ የነበረው እንስሳ በቀን ብርሃን እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ሆኖ ታየኝ።

«እኔ ያየሁት ቡናማ ነበር» አለ አባቴ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ዓሣዋ ቀሰረ። «እሷም ሁለት ነጭ ቀበቶ ነበራት። ይቺ ሦስት አላት።»

በሁለቱም ልክ ነበር። አኔሞኒ በአካሉ ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ ረቂቅ አልጌዎች አሉት፤ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል፤ ቡናማው ቀለምም የእነሱ ነው። በረዥም ጉዞ፣ በጨለማ፣ በሙቀት መለዋወጥ ወይም በመጥፎ ውሃ ሲጎሳቆል አልጌዎቹን ያጣና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጭ አኔሞኒ የተራበ አኔሞኒ ነው። ሰማያዊው መብራት ይህንን ይደብቃል። አንዳንድ ነጋዴ ደግሞ ከዚህ ብሶ የነጣውን እንስሳ ቀለም ነክሮ ደማቅ ቢጫ አድርጎ ይሸጠዋል። ዓሣዋም የቀይ ባሕር አይደለችም። የቀይ ባሕሩ ክላውንፊሽ ሁለት ነጭ ቀበቶ ነው ያለው፤ እኔ የተሸጠችልኝ ባለ ሦስት ቀበቶዋ ወገኖቿ ከምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ናቸው። በእሷ ቅሬታ የለኝም፤ ጤነኛ ናት። የሚያንገበግበኝ ሰውየው የአባቴን ባሕር ስም ጠርቶ መሸጡ ነው።

ስለ ውሃው የነገሩኝም ሁሉ ስህተት ነበር። ጨዉ የመጣው ምንም ጽሑፍ በሌለው ፌስታል ነው። የባሕር ውሃ ጨው 85 በመቶ ገደማው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው፤ እነዚህ የጎደሉት ውሃ ጨዋማ ይሆናል እንጂ ባሕር አይሆንም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ከውጭ በሰው ባስመጣሁት መመርመሪያ የእኔን ስለካው 100 እንኳ አልሞላም። ገንዳው ሲጎድል «የጨው ውሃ ጨምሪበት» ያሉኝም ጥፋት ነው፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ የሚጨመረው የተጣራ ንጹሕ ውሃ መሆን አለበት። በተጨማሪም አኔሞኒ የሚገባው ቢያንስ ስድስት ወር፣ የተሻለው ዓመት በቆየ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም የእንስሳቱን አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ ተደላድለው መቀመጥ አለባቸው። እኔ ገንዳውንም እንስሳውንም የተረከብሁት ባንድ ቀን ነው። የከተማችን ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም እዚህ የምናገኘው የመተንፈሻ ጊዜ አጭር ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ሳይኖራችሁ ይህን ነገር አትጀምሩ።

በሁለተኛው ሳምንት አብሮ ከተሸጠልኝ ድንጋይ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ ቡናማ ነገሮች ብቅ አሉ። ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። «እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ልጆቹ ናቸው!» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ስቆጥራቸው 40 ደርሰዋል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አሥሩን ከነድንጋያቸው በባልዲ ይዤ ሄድሁ። ያው ልጅ በባትሪ አየና «እነዚህማ አረም ናቸው፤ አንገዛም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። አይፕታዢያ የሚባል የአኔሞኒ አረም ነው። አካሉ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ጣቶቹ ሹል ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ አረፋ የለም፤ ሲነኩት ብልጭ ብሎ ድንጋዩ ውስጥ ይሰበሰባል። ከእግሩ ከተቆረሰች ቁራጭ አዲስ ይበቅላል፤ ስለዚህ በቢላ መፋቅ ማብዛት ነው። ኮራልንም ሌላውንም ይናደፋል፤ ማንም ገንዘብ አይሰጥበትም። በፎቶ «ልጆቹ ናቸው» ያለው ሰው በአካል ሲያያቸው ስማቸውን ማወቁ አላዋቂ አለመሆኑን ነገረኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ሰው እንዳይደግመው እጽፈዋለሁ። «እናቲቱ እንቢ ካለች በአዲስ ምላጭ አፏ ላይ መሃል ለመሃል ክፈያት፤ ሁለት ትሆናለች» አለኝ በስልክ። የተካኑ አርቢዎች እንዲህ እንደሚያደርጉ እውነት ነው፤ በደንብ የበላ፣ ቀለሙ የሞላ፣ ጤነኛ እንስሳ ከሆነ ሁለቱም ግማሾች ይድናሉ። የእኔዋ ግን ነጭ እንደነበረች እሱ ያውቃል። ሰሐን ላይ አውጥቼ ቆረጥኋት። ስትቆረጥ ተጨማደደች፤ ውሃ ለቀቀች፤ እጄ ላይ የተጣበቁት ጣቶቿ ጉልበት አልነበራቸውም። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በሙሉ የበሰበሰ ዓሣ ይሸት ነበር፤ ውሃው ወተት መስሏል። አባቴ ምንም አላለኝም፤ ባልዲውን ብቻ አቀበለኝ። ሁለተኛዋ ከዚያ በኋላ ቦታ አላስደስት ብሏት መጓዝ ጀመረች፤ አኔሞኒ ሲከፋው ይሄዳል። በአምስተኛው ሌሊት መሸፈኛ ያልነበረው የፓምፑ አፍ ሳባት።

ገንዘቤን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ዕድሜያቸውማ አጭር ነው» የሚል ሆነ። ይህን መልስ እንዳትቀበሉ። ጆን ዳልዬል የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ ያነሣት አንዲት አኔሞኒ በመስታወት ዕቃ ውስጥ እስከ 1887 ኖራለች፤ የወሰዳት ሰው ሞቶ እሷ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ማለት ነው። እርግጥ የሌላ ዓይነት ናት፤ ባለ አረፋዎቹም ግን በሚገባ ከተያዙ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። በሁለት ወር የሚሞት አኔሞኒ ሲሸጥም ታሞ የነበረ ወይም መጥፎ ውሃ ውስጥ የገባ ነው።

ውሉንም ደግሜ አነበብሁት። «ልጆች ጤናማና ከ8 ሳንቲሜትር በላይ ሲሆኑ ድርጅቱ ሊረከብ ይችላል» ይላል። ሊረከብ ይችላል እንጂ ይረከባል አይልም። ማኅተም የለበትም፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለበትም፤ ገንዘቡን ያስገባሁት በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ደረሰኝ አልተሰጠኝም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ስለምንገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለን፤ ደረሰኝ ግን ሲከራከሩ የሚይዙት እጀታ ነው፤ እኔ ሳልይዘው ወጣሁ።

እንስሳውን ወዳችሁ ልትገዙ ከሆነ፣ ነጭ መብራት እንዲበራ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አትግዙ። አፉ ግጥም ብሎ መዘጋቱን፣ እግሩ አለመቀደዱን፣ ቀለሙ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ያዘለ መሆኑን እዩ። ፊታችሁ እንዲመግቡት አድርጉ፤ ጤነኛው ምግቡን አጣብቆ ወደ አፉ ይወስዳል። በሌላ ቀን ተመልሳችሁ እንደገና እዩት። ለንግድ ከሆነ ግን በዚህ ከተማ ልጆቹን ማን ነው የሚገዛው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በየቦታው ዞሬ አንድም ሌላ ገዢ አላገኘሁም።

ከዚያው ሱቅ ገዝታችሁ እንስሳው ገና በሕይወት ካለ ዛሬውኑ የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት፤ ሲጎድል ጨው አትጨምሩ፤ ምላጭ አታንሡ። ካልሲየምና አሞኒያ መለኪያዬ ግማሹ ተርፎኛል፤ ውሃ በጠርሙስ ይዞ ለሚመጣ እለካለታለሁ። ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታዬን አስገብቻለሁ፤ ያንኑ ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎችም ከእኔ ጋር ፈርመዋል። ወረቀቱ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፤ ማኅተም ባይኖረውም የሻጩ የእጅ ጽሑፍ በሁላችንም ላይ አንድ ነው፤ ማመልከቻው ላይ እናያይዘዋለን።