መርካቶ የሚሸጠው የዓሣ ማጥመጃ ጥቅል፦ ዘንጉን ያዙ፣ ክሩን ቀይሩ

ቅዳሜን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ለማሳለፍ የሚያስብ የአዲስ አበባ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው ዕቃ፣ መርካቶና አካባቢው ካሉ የስፖርት ዕቃ ሱቆች የሚገዛው ጥቅል ነው። አንድ ቦርሳ ውስጥ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ የፋይበር ዘንግ፣ ክር የተጠመጠመበት ሪል፣ መንጠቆ፣ መንጠቆውን የሚያሰምጥ እርሳስ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ዓሦችና ማንኪያ የመሰለች ትንሽ የብረት ማባበያ ይገኛሉ። ለዝዋይና ለላንጋኖ ዳርቻ ይበቃል፤ ለጫሞ አይሆንም። አብሮት የመጣው ክር ግን ለየትኛውም ሐይቅ አይረባም።

ዘንጉ የጥቅሉ ምርጥ ክፍል ነው። 2.1 ወይም 2.4 ሜትር የሚዘረጋው ሲታጠፍ ከ60 ሴንቲሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ጭኑ ላይ ይዞት ይጓዛል እንጂ ጣሪያ ላይ አያስጭነውም። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ዘርጉትና ቁራጭ ጥጥ ክሩ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ። ጥጡ ከተያዘ የቀለበቱ ውስጠኛ ሽፋን ተሰንጥቋል፤ ያ ስንጥቅ አዲሱን ክርም እየላጨ ይበጥሰዋል። ጫፍ ላይ ያለችውን ቀለበት በጣት ነቅነቅ አድርጉ፤ ሙጫዋ ከላላ ሌላ ዘንግ ይምጣላችሁ። ሲዘረጋ ከቀጭኑ ጫፍ፣ ሲታጠፍ ከወፍራሙ ሥር ይጀመራል። በግልባጩ የሚሠራ ሰው ቀጭኑን ክፍል ይሰብራል።

ሪሉን ለመፈተን ክሩን በጣት ያዝ እያደረጋችሁ እጀታውን 20 ጊዜ ያህል አዙሩ። የጥርስ መንሸራተት ድምፅ ካለው ተዉት። ክር የሚሰበስበው የሽቦ ቅስት በእጀታው ዙር ሁሌም ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት፤ አንዴ እንኳ ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ስፕሪንጉ ደካማ ነው፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ የሚጠግነው አይገኝም።

ክሩ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ዓሣ የሚያመልጠው እዚህ ነውና። ናይለን ፀሐይ ሲመታው ይደክማል፤ ጥቅሉ ደግሞ መስታወት ዳር ተሰቅሎ የሚከርምበት ሱቅ ብዙ ነው። ከዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ተጠምጥሞ ስለቆየ እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል፤ ስትወረውሩት ቀለበቶቹ ላይ ይተበተባል። አንድ ሜትር ሳቡና መሀሉን ቋጥራችሁ፣ እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ድንገት ጎትቱት፤ ያለ ብዙ ኃይል ቋጠሮው ላይ ከተበጠሰ ሙሉውን አውጥታችሁ ጣሉ። በምትኩ 150 ሜትር ባለ 0.30 ሚሊሜትር ናይለን ይበቃል። ስትጠመጥሙ በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጉት፤ ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ ክሩን አላሉት፣ ከተጠማዘዘ የክሩን ጥቅል ገልብጡት። ከሪሉ ጠርዝ 2 ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው አቁሙ። ከዚያ ቢያልፍ ክሩ በአንድ ጊዜ እየተፈታ ይወሳሰባል፤ በጣም ካነሰ ጠርዙ እየፈተገው ሩቅ አይሄድም። የሪሉን ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን ክፍል፣ በሻንጣ ሚዛን አስተካክሉ፦ 6 ኪሎ የሚችል ክር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሲጎተት መልቀቅ አለበት። ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃው ሙቀት ይዳከማል።

የጥቅሉ መንጠቆዎች ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ትልቅ ናቸው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ቁጥር ያለው ትንሽ መንጠቆ ለብቻ ይገዛ። ማባበያው የአተር ፍሬ የምታህል ጠንካራ ሊጥ ወይም የምድር ትል ነው፤ ውሃ ላይ ከሚንሳፈፈው ቡሽ በታች ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት፣ ከፊላው ጠርዝ አጠገብ ይንጠልጠል። አምባዛ ግን ከሥር ስለሚመገብ የዶሮ ጉበት ወይም የዓሣ ሆድ ዕቃ፣ 2/0 የሚባለውን ትልቅ መንጠቆና 20 ግራም ያህል እርሳስ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበልጥ ይበላል። የጎን ክንፎቹ እሾህ ስላላቸው መንጠቆውን በፒንሳ አውጡ። ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ የማይበላ ቤተሰብ ያለው ሰው፣ ዓሣው ደህና ሳለ መልሶ ይልቀቀው።

ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል፤ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መነሳት ይሻላል። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፣ አማካዩ 2.5 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ጭቃውን ሲያናውጠው ቡሹም መንጠቆውም ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ወደ ውሃው አይገባም። ፊላው ውስጥ ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል የምትቆሙበትን ቦታ የአካባቢውን አጥማጆች ጠይቁ፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለም ስለ ፈቃድ ባቱ (ዝዋይ) ከተማ የሚገኘውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይገባል።

ጫሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ያለው ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነው፤ የዚህ ሪል የውስጥ ጥርሶች አይችሉትም፣ አዞውም ከዳር ቆሞ ማጥመድን አደገኛ ያደርገዋል። ጣና ላይ ጥቅሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ የብረት ማንኪያ ባርበስ የሚባሉትን የሐይቁን ዓሦች ትስባለች፤ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ወንዞች ስለሚወጡ በወንዝ አፍ ላይ አታጥምዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት በዓሣው ክብደት ልክ በረዶ ያዙ፤ ሆድ ዕቃው እዚያው ወጥቶ፣ ዓሣው በበረዶ መካከል ይደርደር። ቤት ስትደርሱ ዘንጉን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ እንደተዘረጋ አድርቁት፣ የሪሉን ፍሬን አላሉ፤ የረጠበ መንጠቆ ቦርሳው ውስጥ አይመለስ፣ ሌሎቹን ሁሉ ያዝጋቸዋል።