«የት ደረሰሽ?» የዩኒቨርሲቲዎቻችን ስም በየአካባቢው ሲመዘን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ለመሙላት ከእኔ ጋር በተቀመጠችበት ምሽት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ መምህራን ወይም ስለ ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ «ጋሼ፣ ጅማን አንደኛ አድርጌ ብሞላ ሰው ምን ይለኛል?» ነበር ያለችኝ። ጥያቄዋ ቢያስቀኝም ከንቱ ነው ብዬ አላለፍኩትም። በጤና ፕሮጀክቶች ላይ በሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ ለዓመታት ስላገለገልኩ፣ ማስረጃው ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲ ስም አመልካቹ አፉን ሳይከፍት ግማሹን ንግግር ሲጨርስለት ደጋግሜ አይቻለሁ። እዚህ የምጽፈውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን አንድ ቤተሰብ ገንዘቡንና ልጁን እንደሚሰጠው አገልግሎት ቆጥሬ፣ ስማቸው የትኛው አገር ላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ ነው።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሳት ግድ ነው። በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተጀመረው ይህ ተቋም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ወርሶ ዛሬም እዚያው ነው። በስድስት ኪሎ በር ገብቶ ወደ ሙዚየሙ ያቀና ሰው ጣሊያኖች የሠሩትን፣ ወደ ላይ እየተጠመዘዘ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ ያገኛል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ይህ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋሙና የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ላይ ሆነው የሚሰጡት ክብር በሌላ ከተማ በገንዘብ አይገዛም። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ሰው ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ ስሙ ሲጠራ ብዙም አይሰማም። ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስ ከሆነ «ስድስት ኪሎ»፣ ሳይንስ ከሆነ «አራት ኪሎ»፣ ምሕንድስና ከሆነ «አምስት ኪሎ»፣ ሕክምና ከሆነ «ጥቁር አንበሳ» ይላል፤ ለእያንዳንዱም የሚሰጠው ግምት የተለያየ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል ስለ ጀመረ የመግቢያው መንገድም ከሌሎቹ ተለይቷል።

ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሚዛኑ ይለወጣል። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ባለው መንገድ ዳር ያለውን ሐሮማያን የምሥራቁ ሰው ዛሬም «አለማያ» እያለ ነው የሚጠራው፤ በግብርና ጉዳይ የአለማያ ምሩቅ በተቀመጠበት ስብሰባ ስለ ስድስት ኪሎ የሚያነሳ አይገኝም። ኮሌጁ በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሲቋቋም ትምህርቱ የተጀመረው ጅማ ላይ ሲሆን፣ ወደ አለማያ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ዛሬ በዝና የሚፎካከሩት ሁለቱ ግቢዎች አንድ መነሻ እንዳላቸው የሚያስታውስ ሰው ግን ብዙ አልገጠመኝም።

በጤናው ዘርፍ ውድድሩ በጎንደርና በጅማ መካከል ነው፤ ይህንን በቅርብ ስለማውቀው ትንሽ ልቆይበት። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሪያኖችን አንድ ላይ ማሠልጠን የጀመረ ቤት ነው፤ በሰሜኑ አገር «የጎንደር ጤና መኮንን» የሚለው ስም በሽማግሌዎች ዘንድ ከሐኪም እኩል ይከበራል። ጅማ ደግሞ ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ይታወቃል። «ቲቲፒ» በሚሉት የቡድን ሥልጠና የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠራሉ። አንድ ጊዜ በቃለ መጠይቅ ላይ «በአንድ ቀበሌ ተቅማጥ ቢበረታ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብለን ስንጠይቅ፣ ከጅማ የመጣው ወጣት መድኃኒት ሳያነሳ «ውኃውን ከየት እንደሚቀዱ ሄጄ አያለሁ» አለን። የማስረጃው ክምር ላይ ከታች ነበር የተቀመጠው፤ የተቀጠረው እሱ ነው።

ባሕር ዳር ሁለት ስም ይዞ የሚኖር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተሠራው ፖሊ ቴክኒክ የመጣው «ፖሊ» እና ከመምህራን ማሠልጠኛው የመጣው «ፔዳ»። የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና የሚፈልግ ልጅ ወደ ፖሊ ቢያይ አይሳሳትም። አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ስለ ተመሠረተ በመስኖና በውኃ ሥራ መሥሪያ ቤቶች ስሙ ከብዙዎቹ ይቀድማል፤ ከዚያ ሙያ ውጭ ያለ ሰው ግን ከተማውን ለዓሣውና ለአዞው እንጂ ለዩኒቨርሲቲው አያነሳውም። መቀሌ ከጦርነቱ በፊት ከመላ አገሪቱ ተማሪ የሚጎርፍበት ነበር፤ ጦርነቱ ያቋረጠውን እምነት መልሶ መገንባት ከሕንፃ ጥገና የረዘመ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዛሬው ጊዜ ብዙ ወላጅ ከዝናው በፊት የሚጠይቀው መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው፤ በዚህ ልወቅሰው አልችልም።

«ሦስተኛ ትውልድ» እና «አራተኛ ትውልድ» የሚባሉት አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በከተማዎቻቸው ትልቅ ኩራት ናቸው፤ ከክልላቸው ሲወጡ ግን ስማቸው ይቀዘቅዛል። ከእነዚህ በአንዱ ለሥራ ሄጄ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውን ለማየት ስጠይቅ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሲከፈትም መሣሪያዎቹ ገና ከካርቶናቸው አልወጡም ነበር። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ለነዚህ ቤቶች ልጆች በር ከፍቷል ብዬ አምናለሁ። የስድስት ኪሎውም የአዲሱ ግቢም ተማሪ አንድ ፈተና ተፈትኖ 50 ከመቶ ማምጣት ስላለበት፣ እኛም በኮሚቴው ከስሙ ቀጥለን ውጤቱን ማየት ጀምረናል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ያለው ግን በምደባው አሠራር ላይ ነው። ከላይ እንዳየነው የእያንዳንዱ ቤት ዝና የቆመው በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት ክፍል ነው፤ ተማሪው በምርጫው ቅጽ የሚሞላው ግን ዩኒቨርሲቲውን ነው። ዲፓርትመንት የሚደርሰው የፍሬሽማኑን ዓመት ጨርሶ፣ በነጥቡ ተወዳድሮ ነው። ስለዚህ ለውኃ ምሕንድስና ብሎ አርባ ምንጭ የወረደ ልጅ በዓመቱ ራሱን ያላሰበው ክፍል ውስጥ ሊያገኘው ይችላል፤ ያን ጊዜ በእጁ የሚቀረው የከተማው ስም ብቻ ነው። ለእህቴ ልጅም የመከርኳት ይህንኑ ነው፦ አንደኛ የምትሞዪው፣ የፈለግሽው ክፍል ባይደርስሽ እንኳ ሁለተኛ ምርጫሽ ጠንካራ የሆነበትን ቤት ይሁን።

ጅማን አንደኛ ሞላች፤ ጅማም ደረሳት። እናቷ ለጎረቤት ስትናገር ሰምቻለሁ፦ «ጅማ ነው የደረሳት፤ ግን ለሕክምና ብላ ነው።» ልጅቷ ፍሬሽማን ናት፤ ዲፓርትመንት ገና አልመረጠችም።